አባቴ እንቅልፍ ሲፈተኑ

በቤተሰባችን ውስጥ ስለ እንቅልፍ ምስክር ቢፈለግ የሚጠራው እኔ ነኝ። የትም እተኛለሁ። ባጃጅ ውስጥ በሁለት ሰው መሀል ተጣብቄ እተኛለሁ። መሥሪያ ቤት ስብሰባ ላይ ዓይኔን ከፍቼ፣ አልፎ አልፎ ደግሞ ጭንቅላቴን እየነቀነቅሁ እተኛለሁ፤ በዚሁ የተነሳ አለቃዬ "ከሰው ጋር የሚግባባ ሠራተኛ" ብሎ አመስግኖኛል። ባለቤቴማ "ያገባሁት ወፍጮ ቤት ነው፤ ዱቄቱ ብቻ ነው የቀረብኝ" ትላለች።

እና እህቴ የእንቅልፍ ነጥብ የሚሰጥ የእጅ ሰዓት ከአዲስ አበባ ልካለች ሲባል ለእኔ መስሎኝ ደስ አለኝ። ስንት ዘመን ተምሬ አንደኛ ያልወጣሁ ሰው፣ ተኝቼ ልሸለም ነው አልኩ። ሰዓቱ ግን የተላከው ለአባታችን ነበር።

አባታችን ከቡሬ ወጣ ብሎ ባለው ገጠር፣ እኛ በተወለድንበት ቤት ብቻቸውን ይኖራሉ። ይኖሩ ነበር ልበል። ብቻቸውን ያልኩት እናታችን ከሞተች ወዲህ ማለቴ ነው። እሷ የሞተች ሰሞን መንገዱም ስልኩም ተዘግቶ ስለነበር እህቴ የሰማችው ከተቀበረች በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ እህቴ ከእኛ አገር ስልክ ሲደወልላት መጀመሪያ ታለቅሳለች፣ ቀጥላ ነው "ሃሎ" የምትለው። ገና "እንዴት ዋልሽ" ሳልላት "ማን ሞተ?" ትለኛለች።

"ሰዓቱ በየጠዋቱ አባየ ደህና ማደራቸውን ይነግረኛል። ሌላ ምንም አልፈልግም" አለችኝ።

እሺ አልኳት። ታላቄ ናት፤ ደግሞም እውነቷን ነው።

ሰዓቱንና አሮጌ ስልኬን ይዤ ከፍኖተ ሰላም ተነሳሁ። ሰዓቱ ያለ ስልክ አይሠራም፤ ያየውን ሁሉ ለስልኩ ይነግረዋል፣ ስልኩ ደግሞ ኔትወርክ ባለ ቀን ለእህቴና ለእኔ ያወራል። አሳባቂ ነው በአጭሩ። እስከ ቡሬ በሚኒባስ፣ ከቡሬ በጋሪ ሄድኩ። ባለጋሪው መንገድ ላይ ዞር ብሎ አየኝና "ጋሼ፣ ወደ ፊት ጠጋ ይበሉልኝ፣ ፈረሱ ሊንጠለጠል ነው" አለኝ። የቀረውን በእግሬ ሄድኩት፤ ለፈረሱ ብዬ።

አባቴ ደጅ ላይ በርበሬ ሲያሰጡ ደረስኩ። ሰዓቷን አገላብጠው አዩአት።

"ምንድን ናት?"

"ሰዓት ናት አባየ። እንዴት ተኝተው እንዳደሩ ታያለች።"

"እኔ ስተኛ ተቀምጣ ታየኛለች?"

"አዎ።"

"እሷ መቼ ልትተኛ?"

አባቴ እንዲህ ናቸው። ሰው የእኔን ቀልድ ሲያመሰግን ዝም ብዬ እቀበላለሁ እንጂ ቀልዱስ የእሳቸው ነው፤ እኔ ተርፎ የወደቀውን ነው የለቀምኩት።

እጃቸው ላይ አሰርኩላቸው። አዩአት፣ ከዚያ ሰማዩን አዩ።

"ስንት ነው የምትል?"

"ዘጠኝ ሰዓት።"

"ፀሐይቱን አታይም ልጀ? ሦስት ሰዓት እኮ ነው።"

"የፈረንጅ አቆጣጠር ነው አባየ።"

"ፈረንጁ እዚህ የለ። የማስራት እኔ ነኝ። እንደ ሰው አድርግልኝ።"

እውነት ነው፤ ምን ችግር አለው? የስልኩን ሰዓት ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ መለስኩት፣ ሰዓቷም ተከትላ ሦስት ሰዓት አለች። አባቴ "አሁን ገና ሰው ሆነች" አሉ። እኔም ሳተላይት ያመጠቅሁ ያህል ተኩራርቼ ወደ ከተማዬ ተመለስኩ።

በማግስቱ ጠዋት ስልኬ ላይ ነጥባቸው መጣ። ዐሥራ አንድ። ከመቶ። ከሥሩ ፊቱን ያጨፈገገ ክብ ነገር አለ።

ደወልኩላቸውና ነገርኳቸው።

"ምን አጠፋሁ?" አሉኝ።

"ምንም አላጠፉም። እኔም በሒሳብ እንዲህ ነበር የማመጣው።"

"አንተማ አታጠናም ነበር። እኔ ግን ተኝቻለሁ።"

በሌላው ቀን ዐሥራ አራት፣ በሌላው ዘጠኝ። እህቴ በየጠዋቱ ትደውልልኛለች። ሽማግሌ እንቅልፍ ሲያጣ የሚመጣበትን ጣጣ ሁሉ ከኢንተርኔት ላይ ለቃቅማ ታነብልኛለች፤ ልብ፣ መርሳት፣ መውደቅ። "አባየ እያለቁ ነው፣ አንተ ደግሞ ትስቃለህ" ትለኛለች። እውነቷን ነው፣ እስቃለሁ። ሳልስቅ እንዴት እንደምፈራ አላውቅበትም።

አባቴም ይደውሉልኝ ጀመር። በፊት ስልክ አይወዱም ነበር። አሁን ገና ሳይነጋ "ስንት አመጣሁ?" ይላሉ። ስነግራቸው ቁጥሩን ለራሳቸው ይደግማሉ። አንድ ቀን እንዲያው ሐሳባቸውን ለማስቀየር "ሰዓቷስ ጠባይዋ እንዴት ነው?" አልኳቸው።

"ጠባይዋ እንኳ ደግ ነው። ግን ማታ ከብት ሲገባ ፀሐይ ታሳያለች፣ ጠዋት ስነሳ ደግሞ ጨረቃ።"

"ፈረንጅ የሠራት ስለሆነች ነው። ባህሏ ይሆናላ" አልኳቸው።

ይህን ያልኩት እኔ ነኝ። ዲግሪ ያለኝ ሰው።

አሁን ስለ አባቴ እንቅልፍ ልንገራችሁ፤ ነገሩ ሁሉ ያለው እዚያ ነው። የእኛ ቤት እንቅልፍ ሁለት ነበር። የፊተኛው እንቅልፍ እራት ተበልቶ እሳቱ ሲዳፈን ይጀምርና መጀመሪያ ዶሮ ሲጮህ ያልቃል። ያኔ አባቴ ይነሳሉ። ለበሬዎቹ ድርቆሽ ይጥላሉ፣ ቆመው ዳዊታቸውን ይደግማሉ፣ ከዚያ መደቡ ላይ ተመልሰው ከእናቴ ጋር ያወራሉ። የቤታችን ጉባኤ ያ ነበር። ጊደሯ ትሸጥ አትሸጥ፣ እህቴን ለጠየቀው ልጅ ምን ይመለስ፣ እኔ ከተማ ሄጄ ልማር ወይስ ልረስ፣ ሁሉም የተቆረጠው በዚያች ሰዓት ነው። ልጆቹ ጋቢ ውስጥ ሆነን እንሰማለን፤ ሳቃቸውንም ጭምር። ቀን ላይ አንድም ቀን ሲሳሳቁ አላየሁም፣ ሥራ ነዋ። ሌሊት ግን እማየ አፏን በነጠላ አፍና ትስቅ ነበር። ሁለተኛው እንቅልፍ ከዚያ በኋላ ነው፤ አጭር ናት፣ ለኪዳን እስኪነሱ ድረስ። ከላይ ቤት ያሉት ባልንጀራቸው ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲወርዱ አጥሩን በከዘራ አንዴ መታ ያደርጋሉ፤ አባቴ ይወጣሉ፣ ሁለቱ ሽማግሌዎች ተያይዘው ይሄዳሉ።

እናቴ ከሞተች በኋላ አባቴ የመሀሉን ንቃት አልተዉም። በሬዎቹ አሉ፣ ዳዊቱ አለ። ወሬውም አለ፣ እንዲያው ምላሽ የለውም እንጂ። አንድ ጊዜ እዚያ ሳድር ሰምቻቸዋለሁ። "ዘንድሮ በርበሬው ደህና ነው" ይሏታል።

እህቴ ከወር በኋላ ፍርዷን ሰጠች። አባየ ፍኖተ ሰላም፣ እኔ ቤት ይምጡ፤ ሆስፒታል ቅርብ ነው፣ ሰው አለ፣ እንቅልፋቸው እስኪስተካከል ይቀመጡ። ላመጣቸው ሄድኩ፤ አባቴ አልሄድም አሉ። እህቴ በስልክ አለቀሰች። እሷ ስታለቅስ አባቴ አይችሉም፤ ከልጅነቷም አይችሉም ነበር። ድምፁን ከፍ አድርጌ ስልኩን ፊታቸው ያዝኩላቸው።

"ስንት ሳመጣ ነው የምመለስ?" አሏት።

"ሰማንያ ካመጡ ይመለሳሉ አባየ። እርስዎን ይንሳኝ።"

"ሰማንያ" አሉ፣ ወደ እኔ ዞረው። "ስማ፣ ምስክር ነህ።"

በሬዎቹን ለባልንጀራቸው አደራ ሰጡ፣ ቤቱን ቆለፉ፣ ቁልፉን ከማተባቸው ጋር አንገታቸው ላይ አሰሩ። የእናቴ መቃብር ጋ ደርሰው ሲመለሱ "እመለሳለሁ ብያታለሁ፤ እንዳታዋሹኝ" አሉኝ።

እኔ ቤት ያደሩ የመጀመሪያው ጠዋት ቁርስ ላይ ባለቤቴ እጃቸውን አየችና "ይህች ሰዓት ምነው በጠራራ ፀሐይ ጨረቃ ታሳያለች?" አለች። እኔ የባህል ነገሩን ልነግራት አፌን ከፈትኩ። እንጀራው አፌ ውስጥ ቀረ።

ለካ ሰዓቷ ሌሊቱን ቀን ነው ብላ ነው የኖረችው። አባቴ ሲተኙ እሷ ከሰዓት በኋላ ነው ትላለች። የእሷ ሌሊት ሲሆን አባቴ ኪዳን ቆመዋል፣ በሬ ያበላሉ፣ በርበሬ ይለቅማሉ። እሷም ቁጭ ብላ "እኒህ ሰውዬ እንቅልፍ የሚባል አልፈጠረባቸውም" እያለች ለእህቴ ስትጽፍ ከርማለች። እንደ ሰው ያደረግኋት እኔ!

ባለቤቴ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። አባቴም ሳቁ። እኔ ወደ እህቴ ደወልኩ።

"ዐሥራ አንድ የሚባል ነገር የለም! ጥፋቱ የሰዓት አቆጣጠር ነው። አባየ ነገ ይመለሱ" አልኳት።

"ደስ ይላል። አሁን አስተካክለኸዋል?"

"አስተካክያለሁ።"

"እንግዲያ መጀመሪያ ትክክለኛውን እንየው" አለች። ትክክል ናት። እህቴ ሁልጊዜ ትክክል ናት፤ ያስቸገረን እሱ ነው።

ትክክለኛው መጣ። አርባ ሁለት። ስልኩ ላይ ሌሊቱን በመስመር ይሥለዋል፤ የተኙበት ሰማያዊ፣ የነቁበት ቀይ። መሀል ላይ ወፈር ያለች ቀይ አለች። ዶሮ ሲጮህ ተነስተው ግቢ ውስጥ ሲንጎራደዱ ነው፤ የውጭ በሩ በቁልፍ ነው፣ ድርቆሽ የሚጥሉለት በሬ የለ። ውሻው ጮኾባቸው ጎረቤት ሁሉ ነቅቷል።

መስመሩን አሳየኋቸው።

"የምትጥለኝ ይህች ናት?" አሉ፣ ጣታቸውን ወደ ቀይዋ ቀስረው፣ ሳይነኳት።

"እሷ ናት። ሲነሱ፣ ሲንቀሳቀሱ፣ ቀይ ትሆናለች። ዝም ብለው ከተኙ አትመጣም።"

ትኩር ብለው አዩአት። "ይህችማ የእናትህ ናት" አሉ። ከዚያ ስልኩን መለሱልኝ።

ከዚያ ቀን ወዲያ ውሻው አልጮኸም። ነጥቡም እየጨመረ ሄደ። ስልሳ፣ ሰባ ምናምን። አንድ ጠዋት ሰማንያ ስምንት አመጡ፣ ክቡ ነገርም ፈገግ አለ። ቀይ የለም፤ ሌሊቱ ከዳር እስከ ዳር ሰማያዊ ነው፣ እንደ ጣና። እኔ መሥሪያ ቤት ሄጄ "አባቴ በእንቅልፍ ሰማንያ ስምንት አመጡ" እያልኩ ስፎክር ዋልኩ። እህቴ አበባና ጭብጨባ ላከች። ብቻ አንድ ነገር ነበር። ዕድሜያቸውን ሁሉ ቀን ተኝተው የማያውቁት ሰው፣ ከሰዓት በኋላ ግድግዳ ተደግፈው አገጫቸው ደረታቸው ላይ ይወድቅ ጀመር። ቀልዱም ጠፋ። ባልንጀራቸው ደውለው "አጥርህን እየመታሁ ነው የማልፍ፣ እጄ ለምዶ" ሲሏቸው እንኳ "እሺ" ብቻ ነው ያሉት።

ነገሩን የነገረችኝ ባለቤቴ ናት። አልጋ ስታነጥፍ ቆይታ ጠራችኝ።

"ና እስኪ እየው። አንሶላው እኮ ትናንት እንዳነጠፍኩት ነው። ሰው የተኛበት አይመስልም፣ ዕቃ የተቀመጠበት እንጂ።"

ደጅ ፀሐይ ላይ ወደተቀመጡበት ሄድኩ።

"አባየ፣ ሌሊት ይተኛሉ?"

"ተኝተሃል ትላለች እኮ።"

"እርስዎስ ምን ይላሉ?"

ወደ ቤቱ ዞር ብለው አዩ፣ ባለቤቴ እንዳትሰማ። "ዓይኔን ጨፍኜ ጋደም እላለሁ። የፊተኛዋን እተኛለሁ። ከዶሮ ወዲያ አልተኛም፤ ግን አልነቃነቅም። ዳዊቱን በልቤ ነው የምለው፣ ከንፈሬ ከተንቀሳቀሰ እጄ ይከተላል ብዬ። ሲያመኝም አልገላበጥም።" ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ማጭበርበር ነው እንዴ?"

"አይደለም አባየ።"

"ተወው እንግዲያ። ሰማንያ አልፌያለሁ። መቼ ነው የምሄድ?"

ጓዳ ገብቼ ለእህቴ ደወልኩ። ሁሉንም ነገርኳት፤ አንሶላውን፣ ከንፈራቸውን፣ ሁሉንም።

"ዝቅ ሲል ሰዓቱ ተሳስቷል አልከኝ። አሁን ከፍ ሲል ተሳስቷል ትለኛለህ" አለች።

"ያኔም ተሳስቷል፣ አሁንም ተሳስቷል!"

"አንተ ቧልተኛ፣ መቼ ነው ቁም ነገር የምታወራው? እዚያ ብቻቸውን ሆነው አርባ እንኳ አያመጡም፤ እዚህ ካንተ ጋር ሆነው ሰማንያ ስምንት። ተስማማቸው ማለት አይደለም? ታዲያ የሚስማማቸውን ትቼ ወደዚያ ልመልሳቸው?"

"ሰማንያ ካመጡ ብለሽ ምለሻል።"

"እማየን አልቀበርኩም" አለችኝ። "ይህን አትርሳብኝ። በሬዎቹ ክረምት ሳይገባ ይሸጡ፤ መሬቱን ያክስታችን ልጅ በእኩል ይረሰው። አንተ ንገራቸው፣ እኔ ካወራሁ አለቅሳለሁ።"

በቀልድ ዕድሜውን የጨረሰ ሰው እንዲህ ነው፤ አንድ ቀን እውነት ይዞ ሲመጣ የሚቀበለው የለም። እሷንም መጥላት አልቻልኩም። በየጠዋቱ ያቺን ሰማያዊ መስመር አይታ ቡናዋን በሰላም ትጠጣለች። እናታችን ከሞተች ወዲህ ሰላም ያገኘችው አሁን ነው፤ ሰላሙን የሚሠሩላት አባቴ ናቸው፣ ሌሊቱን ሙሉ ሳይነቃነቁ።

ሰዓቷን ደብቄ ሰበርኳት ልበል ብዬም አስቤ ነበር። ሌላ ትልካለች። ዝም ብዬ ወስጄ ልመልሳቸው ብዬም አስቤ ነበር፤ ከዚያ ብቻቸውን እያሉ አንድ ነገር ቢሆኑ፣ መንገዱ ደግሞ ቢዘጋ፣ ለእህቴ ሁለተኛ ጊዜ "ተቀበሩ" ብዬ መደወል አለ። ያን ስልክ የምደውል ሰው አልሆንም። ስለዚህ ምንም አላደረግሁም። ምንም ባለማድረግ ደግሞ የታወቅሁ ነኝ።

ማታ እራት ተበልቶ ሰዓቷን ከቻርጅ ነቅዬ ይዤላቸው ገባሁ። አልጋቸው ጠርዝ ላይ ተቀምጠዋል፤ የቤታቸውን ቁልፍ በጣታቸው ያሻሉ።

"እህትህ ምን አለች?"

"ጥሩ ነው አለች አባየ። ደስ ብሏታል። በዚሁ ይቀጥሉ አለች።"

"ሰማንያ አላለችም ነበር?"

"ብላ ነበር።"

የበሬዎቹን ነገር ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ። እሳቸው ግን ጣሪያውን እያዩ ያሰላሉ።

"ከፍ አደረገችው ማለት ነው" አሉ። "አይፈረድባትም፣ ፈርታ ነው። መቶ ትፈልጋለች።" ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። "ለመቶ ስንት ቀረኝ?"

"ዐሥራ ሁለት።"

"ዐሥራ ሁለት" አሉ። "ትንሽ ናት።"

በጀርባቸው ጋደም አሉና ጋቢውን እስከ ደረታቸው ሳቡ። እግራቸውን አስተካከሉ። አንዱን እጃቸውን ሆዳቸው ላይ አድርገው ሰዓቷ የምትታሰርበትን ዘረጉልኝ፤ ቀጥኗል፣ ማሰሪያው ሰፍቶታል።

"ጠበቅ አድርጋት" አሉኝ። "ዛሬ ከመተንፈስ በቀር ምንም አልሠራ።"

አሰርኩላቸው።